የአባቴን ጨፌ የሚበላው ቦረቦር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአዴት አካባቢ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአባቴ ማሳ ግርጌ ጨፌ አለን፤ ልጅ ሆኜ ከብት የጠበቅሁበት። አሁን መሃሉ ላይ ቦረቦር ገብቶበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ደግሞ አንዱ ጎን ተንዶ ጊደራችንን ይዟት ገባ። ከዓመታት በፊት በዘመቻ የድንጋይ ክትር ተሠርቶበት ነበር፤ በሁለተኛው ክረምት ውሃው በጎን ዞሮ አፈረሰው። ታላቅ ወንድሜ «ባህር ዛፍ እንትከልበት፤ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ገንዘብም ይሆናል» ይላል። አባቴ «ጨፌዬን አላስነካም» ብሏል። እኔ ለችግኝ ብር ላክ ተብያለሁ። ልላክ?

መልስ፦ ለችግኝ ከሆነ አትላክ። ብርህ የሚያስፈልግበት ሌላ ቦታ አለ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለወንድምህ ልፍረድለት። ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል ማለቱ ልክ ነው። ጨፌያችሁን እየገደለው ያለው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው ውሃም ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አይቀበለኝም። ከባሕር ዳር ወደ አዴት ስትሄድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ማዊ አለች፤ የአገርህ መንገድ ስለሆነ ታውቃታለህ። እዚያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሬት ውስጥ ቱቦ እየቀበሩ የውሃውን ከፍታ ሲለኩ ነበር። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ከዳገቱ የሰረገው ውሃ ግርጌው ላይ ይጠራቀማል። ሜዳው ይጠግባል። ውሃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲቆም ግድግዳው ከውስጥ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ይናዳል። ወንዙን የሚያደፈርሰው ደለል ብዙው የሚመጣውም ከእንዲህ ያለ የግርጌ ቦረቦር እንጂ ሰው እንደሚያስበው ከዳገቱ ማሳ ብቻ አይደለም።

ጊደራችሁ በነሐሴ የገባችውም ለዚህ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቢበረታም መሬቱ ገና ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ግን ጠግቧል፤ የአንድ ላም ክብደት ይበቃዋል።

«እንግዲያው ባህር ዛፉ ቢጠጣው ምን አለበት?» ትለኝ ይሆናል። ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። የረገፈውን ቅጠል ደግሞ ሰው ለማገዶ ይጠርገዋል፤ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። አፋፍ ላይ የተተከለ ትልቅ ዛፍ ገና ባልደረቀ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጣራ እንደ መጫን ነው፤ ሲወድቅ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን ጨፌው ያበቃለታል። የካቲትና መጋቢት ላይ ከብቱ የሚቀምሰው እርጥብ ሣር ያ ብቻ ነው። አባትህ «አላስነካም» ያሉት ይህን አውቀው ነው። ወንድምህ ካልተከልሁ ካለ ከማሳም ከጨፌም የራቀ፣ ለእህል የማይሆን ጭንጫ ይፈልግ። እኔ የባህር ዛፍ ጠላት አይደለሁም። የጎጃም ገበሬ ልጁን ያስተማረው፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በእሱ ነው።

ስለ ክትሩ። «ውሃው በጎን ዞሮ አፈረሰው» ካልከኝ መሃሉ ዝቅ ሳይል የተደረደረ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ክትር መሃሉ ላይ ማፍሰሻ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ዳሮቹ ከፍ ብለው፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ተቆፍሮ መግባት አለባቸው። ውሃው ከማፍሰሻው የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፍለታል፤ አለዚያ እግሩን ይቦረቡረዋል። ርቀቱስ? የታችኛው ክትር ማፍሰሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ልክ ነው። ይህን ሁሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ያውቁታል። ግን በዘመቻ ጊዜ የሚቆጠረው ስንት ሜትር ተሠራ፣ ስንት ክትር ተደረደረ ነው። በሁለተኛው ክረምት ቆሞ የተገኘውን የሚቆጥር የለም።

አሁን ምን ይደረግ? ከብቱን አስወጡ። ከዚህ በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ የለም። በልቅ ግጦሽ መሃል የተተከለ ሣር የአንድ ሳምንት ቀለብ ነው። አፋፉን የሚሰነጥቀውም ሰኮና ነው። ቦረቦሩንና ዙሪያውን እጠሩት። ሣሩ እየታጨደ ይወሰድ እንጂ ከብት አይግባበት።

ከዚያ አናቱን ያዙ። አናት የምለው ውሃው ከሜዳው ዘሎ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድበትን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ቦረቦር ወደ ላይ የሚጓዘው በዚያ ነው። ሥራው በበጋ ነው፤ አውድማው ካለቀ በኋላ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ። ግድግዳውን ቆርጣችሁ አስተኙት፤ ከ45 ዲግሪ የበለጠ አይቁም፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ላዩ ላይ ድንጋይ ንጠፉ። የክረምቱ ዝናብ ሲረጋ በድንጋዩ መሃልና በጎንና በጎኑ ሣር ትከሉ፤ ዳሩ ላይ ዴሾና ዝሆኔ ሣር፣ ውሃ የሚተኛበት ወለል ላይ ቬቲቨር ሣርና ሰስፓንያ የሚባለው ቁጥቋጦ። ሰስፓንያ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢቆምም ችሎ ያድጋል፤ ቅጠሉም መኖ ነው።

ይህ የሚሆነው ቦረቦሩ ገና ጥልቀት ሳይኖረው ነው። ከሰው ቁመት በላይ ከወረደ ግን አትታገሉት። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን፣ ግዙ የሚላችሁ ይመጣ ይሆናል፤ የረሰረሰ ወለል ላይ የቆመ ጋቢዮን ሥሩ ተበልቶ ተዘርሮ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ሽቦው ብቻ ይቀራል። ጥልቁን አጥራችሁ ተዉት። ጉልበታችሁን ወደ ላይ በሚሳቡት ትንንሽ ቅርንጫፎች ላይ አውሉት።

ቀጥሎ የማይወደድ ወሬ አለኝ። ቦረቦሩን ወደ ላይ ተከትላችሁ ሂዱ። ብዙውን ጊዜ ከከብት መንገድ፣ ከመኪና መንገድ ሥር ካለ ቱቦ ወይም ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ይገናኛል። ፈሰስ ክፉ ነገር አይደለም። ጤፉ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ገበሬው በማረሻው ሰያፍ የሚያወጣው ቦይ ነው፤ አባትህም ያወጣሉ። ጣጣው የብዙ ሰው ፈሰስ አንድ ቦታ ሲገናኝ ነው። ይህን ባለሙያ አይፈታውም። ሽማግሌ ይቀመጥና ውሃው በየት በኩል ይውረድ ተብሎ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ቦይ ይተውለት። አንተ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውለህ ጎረቤት እንዳትከስ! ነገሩን ለአባትህ ተውላቸው።

«እርከን ሠርተን ውሃውን ሁሉ እዚያው ዳገቱ ላይ እናስቀረው» የሚልም አይጠፋም። ለወሎና ለትግራይ ደረቅ ተራራ ይሆናል። እኛ ጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ደምበጫ አካባቢ፣ አንጀኒ ላይ፣ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተዳፋቱ ላይ ፋንያ ጁ ተሠራ፤ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ የሚወረወርበት እርከን ነው። እዚያ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስለዚህ ጥቂት ዝንባሌ ሰጡት፤ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ማፋሰሻው እንዲሄድ። ተዳፋቱ ከዓመት ዓመት እየተስተካከለ ደረጃ በደረጃ ማሳ ሆነ። የደምበጫ ሰው ስለሆንሁ ያደላሁ እንዳይመስልህ፤ ጉድለትም አለው። ከእርከኑ ጀርባ ውሃ ይተኛል፤ እርከኑ ራሱ መሬት ይሻማል፤ በሬ ማዞር ይቸግራል። ገበሬዎቹ ይህን ሲያማርሩ ነው የኖሩት፣ እውነታቸውንም ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ዝንባሌው ነው። ከላይ እርከን ከሠራችሁ መውጫው የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ወደ ቦረቦሩ አናት እንዳይሆን ብቻ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ለድርቆሽና ለጭድ ላከው። ከብቱ ከጨፌው ሲወጣ የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። አጥር የሚፈርሰውም በዚያ ዓመት ነው፤ የተራበ ከብት እያየ በሩን የማይከፍት ሰው የለም። የተረፈው ለደቦው ጠላና እንጀራ ይሁን። የሣሩን ቁራጭ ከቀበሌው ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ፤ ከጠፋ ዴሾ ካለው ጎረቤት ግንጥል ለምኑ፤ አንዴ ከያዘ ከራሱ እየገነጠሉ ማብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ ነኝ። እኛ ጋ የከሰል ዛፉ ዲከረንስ ነበር የቤቱ ራስ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ እያበጠ፣ ቡናማ ዱቄት እየለበሰ ይደርቅብናል። መልሰን እንትከል ወይስ እንንቀለው? የመጣው መሬቱን ያድናል ተብሎ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ መሬቱንስ አድኖታል። ኮምጣጣ አፈር ላይ፣ ገብስ እንኳን እምቢ ያለው ቦታ ላይ ያደገ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ጤፍ፣ ቀጥሎ ሣር፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል፤ ከዚያ መሬቱ አርፎ፣ ናይትሮጅን አግኝቶ ወደ እህል ይመለሳል። ይህን ያቀናጀው ገበሬው ራሱ ነው፤ እኔ እንዲያውም ባለሙያው ከኋላ ነው የደረሰ እላለሁ።

ያገኛችሁ በሽታ ዋግ ነው። የስንዴ ዋግ አይደለም፤ የዚህ ዛፍ የራሱ ነው። ዱቄቱ በነፋስ ይሄዳል። ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲለብስ ደግሞ የሚያቆመው አያገኝም። ለሰፊ የዛፍ ማሳ መድኃኒት መርጨት አያዋጣሽም።

የደረሰውን፣ ለከሰል የሚሆነውን ቶሎ ቁረጪ። ለጋውና የታመመው ቢቆይ አያተርፍሽም። መልሶ መትከሉን ግን፣ ቢያንስ ማሳውን ሞልቶ መትከሉን፣ አልመክርም። መሬቱን ክፈይው። ለእህል ከሚሆነው ላይ ኮምጣጣነቱን የሚቀንስ ኖራ አድርገሽ ድንች ወይም ገብስ ሞክሪ። ዳሩን ትሪሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከይ፤ እሱም ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ለበግም ይታጨዳል። ተዳፋቱንና የወንዙን ዳር ለቀርቀሃ ስጪ፤ አዊ ቀርቀሃ ገበያ አያጣም። ብሳናና ኮሶ በየመሃሉ ይግቡ። የከሰሉን ያህል ፈጥኖ ብር አይሰጥሽም፤ የመጀመሪያው ቀርቀሃ እስኪቆረጥ ዓመታት አሉ፤ ድንቹና በጉ ያን ጊዜ ያሻግሩሽ።

ቀርቀሃውን ከነሥሩ ነው የምትወስጂው። አንድ ዓመት የሆነውን ለጋ ከነግንዱ ሥር አውጥተሽ፣ አናቱን ቆርጠሽ፣ ዝናቡ እንደ ገባ ትከይው። ከጎረቤት ስታወጪ ከአንድ ቁጥቋጦ ብዙ አትውሰጂ፤ የእነሱ ይደክማል፣ አንቺም ለሚቀጥለው ዓመት መጠየቂያ ታጫለሽ።