ምልክት የማይሰሙት ባክቴሪያዎች

ወጣት ወዳጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ በቅርቡ ጥያቄ ላከልኝ፤ «ባክቴሪያዎች የሚግባቡበትን ኬሚካል ብናግድ በሽታው አይቆምም ወይ?» የሚል። መልሱን ከማሰቤ በፊት አንዲት የጥንት ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ።

ሳንባቸውን ለረጅም ጊዜ ከታመሙ ሰዎች አክታ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተን እናሳድግ ነበር። እያንዳንዱ ሕዋስ መግባቢያ ምልክት የሚሆኑ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ ይለቃል። ባክቴሪያዎቹ ሲበዙ ሞለኪውሉም ይጠራቀማል፤ መጠኑ ሲበቃ ላስአር ከተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ሕብረ ሕዋስ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን የሚያስመርቱ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ጥቂት ሳሉ አድፍጠው፣ ሲበረክቱ በአንድነት ይነሣሉ ማለት ነው።

ባልደረባዬ ታዲያ ከማሳደጊያ ሳህኖቹ መካከል እንደ ብረት የሚያብለጨልጩ፣ መሃላቸው የተበላ የሚመስል ኮሎኒዎች፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችቶች አየች። ኢንዛይሙን ለካች፤ ከምንም አይቆጠርም። ደገመችው፤ ያው ነው። ኃላፊያችን ሳህኑን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ተበላሽቷል፤ ጣሉት» አለ። ተጣለ። እርሷም ብዙ ሳትቆይ ሙያውን ትታ ሄደች። ዛሬም ይቆጨኛል። ላስአራቸው የተበላሸ ባክቴሪያዎች ልክ እንደዚያ ያብለጨልጫሉ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ሕሙማን ሳንባም በብዛት ይገኛሉ። ምልክቱን አይሰሙም፤ ጎረቤቶቻቸው የደከሙበትን ኢንዛይም እየተጠቀሙ ይራባሉ።

የዘርፉ መነሻም እንዲሁ ችላ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒልሰንና ሄስቲንግስ የተባሉ ተመራማሪዎች የባሕር ባክቴሪያዎች ብርሃን የሚሰጡት ሲበዙ ብቻ መሆኑን ጻፉ፤ ብዙዎች የባሕር ጉድ አድርገው አለፉት። ባክቴሪያዎች ብዛታቸውን በኬሚካል ምልክት የሚያውቁበት ይህ መንገድ «ኮረም ሴንሲንግ» የሚለውን ስያሜ ያገኘው በ1994 ነው።

የዛሬ ልጆች ሙሉ ጂኖም በኮምፒውተር ታነብባላችሁ፤ ሳህኑን ግን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ አታዩም። እኛስ አይተን ምን አደረግን? ጥያቄውን የላከልኝ ልጅ ቢያንስ ጠይቋል፤ በእኛ ጊዜ ይህም ድፍረት ይባል ነበር።

መልሴ ይኸው። ምልክቱን የማይሰሙ ባክቴሪያዎች በታመመ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚኖሩ ከሆነ፣ ምልክቱን ማገድ ብቻውን የቆየ ሕመምን ይፈውሳል ብዬ አልጠብቅም። በአዲስ ቁስል ላይ ተስፋው ይሻላል። የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሲበዛ ምልክቱ መርዝ ማምረቱንና ተጣብቆ መቆየቱን ይገታና ከአንጀት እንዲወጣ ያዘጋጀዋል። እዚያ የሚያዋጣው ምልክቱን ማገድ ሳይሆን ማብዛት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጄ፣ የምርምር ዕቅድህ ላይ መጀመሪያ የባክቴሪያውን ዓይነትና የሕመሙን ዕድሜ ጻፍ። መድኃኒትህንም በቤተ ሙከራ ዝርያ ላይ ብቻ አትፈትን፤ ከሕሙማን የተወሰዱትን፣ የሚያብለጨልጩትንም ጨምር።