ካሸሩ ለቋል፣ አካውንቱ ግን አልጠፋም ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህ ገብቶኛል። ካሸሩ ሥራ ለቋል፣ አንተ ማይኤስኪውኤል (የሱቁ ዳታ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ ያለውን አካውንት በኮማንድ ላይን ልታጠፋ ድሮፕ ዩዘር ብለህ ስሙን ስትጽፍ ኤረር 1396 ይልሃል፣ ሰውየው ግን አሁንም ሲስተሙ ውስጥ ይታያል። እኔ እዚሁ ድሬ የሱቆችና የመጋዘኖች ሰርቨር ነው የምይዘው፣ ይሄ ነገር ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ይመጣል።

እስቲ ኤረሩን መጨረሻ ድረስ አንብበው። ከስሙ ቀጥሎ @ እና % አለ አይደል? አንተ አልጻፍከውም። ማይኤስኪውኤል አካውንት የሚለው ስሙንና ሆስቱን፣ ማለትም ሰውየው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሚገባ፣ አንድ ላይ ነው። ሆስቱን ካልነገርከው በራሱ % ያደርገዋል፣ ከየትም ይግባ እንደማለት። የካሸሩ አካውንት የተፈጠረው በሎካልሆስት (ሰርቨሩ ራሱ ማለት ነው) ወይም በሱቁ ኮምፒውተር አይፒ ከሆነ፣ የሌለ አካውንት አጥፋልኝ እያልከው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማይኤስኪውኤል በሚለው ዳታቤዝ ውስጥ ካለው የዩዘር ቴብል ዩዘርና ሆስት የሚሉትን ኮለሞች ሰሌክት አድርገህ እይ። አንድ ስም ሁለት ሦስት ቦታ ሊወጣ ይችላል። እያንዳንዱ ለብቻው ይጠፋል።

አሁን ግን አቦ፣ ሆስቱን አገኘሁ ብለህ ወዲያው አታጥፋ! ከዚራ አካባቢ አንድ መጋዘን የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት በጠፋ ማግስት የዕለት ሽያጭ ሪፖርት አልወጣ አለ። ኤረር 1449። ባለቤቱ የስንት ዓመት ሽያጭ ጠፋ ብሎ ደንግጦ ነበር፣ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ነው የደረስኩት። ዳታው ምንም አልሆነም፣ አካውንት ሲጠፋ ቴብል አብሮ አይጠፋም። ችግሩ ሪፖርቱ የሚያነበውን ቪው፣ ማለትም በስም የተቀመጠ ሰሌክት፣ የፈጠረው ያ ሠራተኛ በራሱ ስም መሆኑ ነው። ቪው፣ እንዲሁም ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡ ትናንሽ ፕሮግራሞች የሆኑት ፕሮሲጀር፣ ትሪገር፣ ኢቨንት ሁሉም ዲፋይነር የሚባል ባለቤት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በእሱ መብት ስለሚሠሩ እሱ ከጠፋ ይቆማሉ። ቪውውን በሌላ ዲፋይነር ስንፈጥረው ሪፖርቱ ወጣ።

ለዚህ ነው መቆለፍ ይቅደም የምለው። ኦልተር ዩዘር፣ ስሙ ከነሆስቱ፣ ከዚያ አካውንት ሎክ። ከማይኤስኪውኤል ቨርዥን 5.7.6 ጀምሮ አለ። ሰውየው አዲስ ግንኙነት መክፈት አይችልም፣ በስሙ ያሉት ቪውና ፕሮሲጀሮች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንተም ተረጋግተህ ኢንፎርሜሽን ስኪማ (ሰርቨሩ ስለ ራሱ መረጃ የሚያሳይበት ዳታቤዝ) ውስጥ ቪውስ፣ ሩቲንስ፣ ትሪገርስና ኢቨንትስ ላይ ዲፋይነር የሚለውን ኮለም ታያለህ፣ ስሙ ያለበትን ወደ ሌላ አካውንት ታዞራለህ። ከ8.0.22 ወዲህ ሰርቨሩ ራሱ ይሄን አይቶ አላጠፋም ይላል፣ ሩት፣ ማለትም ሙሉ መብት ያለው ዋናው አካውንት፣ ሆነህ ከገባህ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ስለሚያልፍ በእሱ አትተማመን።

ከመቆለፍህ በፊት ሾው ፕሮሰስሊስት (አሁን የገቡትን ግንኙነቶች ዝርዝር የሚያሳይ) በልና ያ ስም ከስንት አይፒ እንደገባ እይ። ከሁሉም ካሸሮች ኮምፒውተር ከሆነ አካውንቱ የሰውየው ብቻ አይደለም፣ የሽያጭ ሶፍትዌሩ ራሱ የሚጠቀምበት ነው። ብትቆልፈው ሱቁ በሙሉ መሸጥ ያቆማል። ለሶፍትዌሩ መጀመሪያ አዲስ አካውንት ፍጠርለት።

መቆለፍም ሆነ ማጥፋት አሁን የገባውን ሰው አያስወጣም። ከቆለፍክ በኋላ ከፕሮሰስሊስቱ የግንኙነቱን ቁጥር ወስደህ ኪል በለው፣ ያኔ ይቋረጣል። ኪል ካስቀደምክ ተመልሶ ይገባል።

የዩዘር ቴብሉን በእጅ ዲሊት አታድርግ። ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ (ሰርቨሩ የመብት ቴብሎቹን እንደገና እንዲያነብ የሚያዘው) የሚያስፈልገው እንደዚያ ለነካካ ሰው ነው፣ በድሮፕ ዩዘር ካጠፋህ አያስፈልግም። ማይኤስኪውኤል ነጥብ ሲስ፣ ሴሽን፣ ኢንፎስኪማ የሚሉ ስሞች ካየህ የሰርቨሩ የራሱ ናቸው፣ ተዋቸው።

በመጨረሻ ሾው ግራንትስ ብለህ መብቱን ፋይል ላይ ቅዳ፣ ከዚያ ድሮፕ ዩዘር ከነሆስቱ። 1396 ድጋሚ ከመጣ ሰሌክቱ ያወጣውን እዚህ ለጥፈው፣ የፓስዎርድ ኮለሙን ግን እንዳትጨምር።