የሐምሌው ዳታ የት ገባ? የአንባቢያን የቴክኖሎጂ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ባህር ዳር አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ አይቲ ነኝ፣ ወደ 40 ቅርንጫፍ አለን፣ ራውተሩንም ዩፒኤሱንም (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ) ዛቢክስ በሚባል የመከታተያ ሶፍትዌር ነው የምንከታተለው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። አሁን መስከረም ላይ ኦዲት መጣና አለቃዬ ያለፈውን በጀት ዓመት የየቅርንጫፉን የመስመር መቆራረጥ አውጣ አለኝ፣ ግራፉን ወደ ኋላ ስስበው ሐምሌና ነሐሴ ባዶ! እንዳይደገም ብዬ ሌላ ማሽን ላይ የአርካይቭ ዳታቤዝ ጫንኩ፣ በየሌሊቱ ከዛቢክሱ ዳታቤዝ እንዲስብ ነው ሀሳቤ፣ ግን መጀመሪያ "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" አለኝ፣ እሱን ሳስተካክል ደግሞ "ፒጂ ኤችቢኤ" የሚባል ፋይል ላይ የለህም ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮኔክሽኑ ቀላሉ ነው፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ሐምሌ የት እንደገባ እንይ፣ እሱ ከገባህ የጀመርከው አርካይቭ ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል።

ዛቢክስ የሰበሰበውን ቁጥር ሁለት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። አንዱ ሂስትሪ ነው፣ በየደቂቃው የመጣው እንዳለ የሚገባበት። ሌላው ትሬንድ ነው፣ ለእያንዳንዱ አይተም (ለምንከታተለው ለእያንዳንዱ ልኬት) በሰአት አንድ መስመር ብቻ፣ ትንሹ ትልቁ አማካዩ እና ስንት ቁጥር እንደመጣ። ምንም ካልነካካኸው ሂስትሪው ስሪት 7.0 ላይ 31 ቀን ነው የሚቆየው፣ በፊት በነበሩት 90 ቀን ነበር፣ ትሬንዱ ደግሞ 365 ቀን፣ ከዛ ሀውስኪፐር የሚባለው ስራ ጊዜው ያለፈበትን እየለቀመ ያጠፋዋል። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ኦዲተር ደግሞ ሰኔ 30 ማታ አይመጣም፣ መስከረም ላይ ሲመጣ የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ወራት 365 ቀን አልፏቸው ተጠርገዋል። ማንም አላጠፋብህም፣ ሲስተሙ የታዘዘውን ነው የሰራው። የድሮ ባክአፕ ከሌለህ ያ ዳታ አይመለስም፣ ለአለቃህ ቁርጡን ንገረው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከት። 40 ቅርንጫፍ እያንዳንዱ 50 አይተም ቢኖረው 2000 ይሆናል፣ በየደቂቃው ሲሰበሰብ በቀን 2.88 ሚሊዮን መስመር ነው፣ የዛቢክስ ማኑዋል አንዱን ቁጥር በግምት በ90 ባይት ነው የሚያሰላው፣ ስለዚህ በቀን 260 ሜጋባይት አካባቢ፣ በዓመት 95 ጊጋ ገደማ። ትሬንዱ ግን? በዓመት 1.6 ጊጋ። አምስት ዓመት ብታቆየው 8 ጊጋ ነው፣ ስልክህ ላይ ያለው የሰርግ ቪዲዮ ሳይበልጥ አይቀርም። ኦዲተር ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ማክሰኞ 4 ሰአት ከ17 ላይ ምን ነበር ብሎ አይጠይቅህም፣ ወር በወር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሀውስኪፒንግ ገጽ ላይ የትሬንዱን ጊዜ ለሁሉም አይተም የሚሽረውን ምርጫ አብራና 1825 ቀን በለው፣ ዛሬውኑ፣ ይሄን ጽሁፍ ሳትጨርስ ብታደርገውም ቅር አይለኝም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ዓመት ቆይቶ ነው የሚያውቀው። መሳሪያው መልስ ሰጠ አልሰጠ የሚያየው ፒንግ የሚለው አይተም 0 ወይም 1 ነው የሚመልሰው፣ አይነቱም ሙሉ ቁጥር ነው፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ አይተም ደግሞ ትሬንድ ላይ አማካዩም ሙሉ ቁጥር ሆኖ ነው የሚገባው። በሰአቱ ውስጥ 59 ጊዜ 1፣ አንዴ ብቻ 0 ቢመጣ አማካዩ 0.98 ሳይሆን 0 ተብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሪፖርት ብትሰራ ለአንድ ደቂቃ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሰአቱን ሙሉ ጠፍቶ የዋለ ይመስላል፣ ከቅርንጫፍ ስራ አስኪያጁ ጋር የምትጣላው ያኔ ነው። መፍትሄው የፓኬት ሎስ (መንገድ ላይ የጠፋ መልእክት) አይተሙን መጠቀም ነው፣ እሱ በፐርሰንት የሚመጣ ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሆነ አማካዩ ትክክል ይቀመጣል፣ ከ100 ስትቀንሰው መስመሩ ስንት ፐርሰንት እንደሰራ ጥሩ ግምት ይሰጥሃል።

የለም የየደቂቃው ራሱ ዓመት ሙሉ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ውል አለን ካልክ እሺ፣ ወደ ኮኔክሽኑ። ኤረሮቹን አትጥላቸው፣ እያንዳንዱ የት ድረስ እንደደረስክ ነው የሚነግርህ። ብዙ ቆይቶ ታይምአውት ካለህ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል መሀል ላይ ዝም ብሎ እየጣለው ነው። ወዲያው ሪፊውዝድ ካለህ ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሰሃል፣ 5432 ፖርት (የፖስትግሬስ መግቢያ በር) ላይ የሚሰማህ ነው የሌለው፣ ፖስትግሬስ ሲጫን የሚሰማው ከራሱ ማሽን ለሚመጣ ብቻ ነው፣ ዛቢክስ ሰርቨሩ እዛው አብሮት ስለሚኖር እስከዛሬ አልታወቀም። ዋናው ኮንፊግ ላይ ሊስን አድሬስ በሚለው ቦታ የሰርቨሩን የውስጥ አይፒ ትጨምራለህ፣ ሎካልሆስቱን ሳታጠፋ። ይሄ ሪስታርት ይፈልጋል፣ ሪሎድ (ኮንፊጉን ብቻ ዳግም ማስነበብ) አይበቃውም፣ ሪስታርት ስታደርገው ዛቢክስ ሎጉ ላይ ዳታቤዝ ወድቋል እያለ በየ10 ሰከንዱ ይሞክራል፣ አትደንግጥ፣ ሲነሳ ራሱ ይገባል።

ፒጂ ኤችቢኤ ያለህ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው፣ ፖስትግሬስ ሰምቶሃል፣ ግን ማን ከየት እንደሚገባ የሚጻፍበት ፋይል ላይ የለህም። የምትጨምረው አንድ መስመር ነው፣ መጀመሪያ ሆስት የሚለው ቃል፣ ከዛ የዳታቤዙ ስም፣ የዩዘሩ ስም፣ የአርካይቭ ማሽኑ አይፒ በ/32 (ያ አንድ ማሽን ብቻ ማለት ነው) እና መጨረሻ ላይ ስክራም የሚለው የፓስወርድ ዘዴ፣ ለዚህኛው ሪሎድ ይበቃል። ኢንተርኔት ላይ "ሁሉንም አይፒ ትረስት በለው፣ ይሰራልሃል" የሚል ምክር ታገኛለህ፣ ያለፓስወርድ ይግባ ማለት ነው፣ አዎ ይሰራል፣ ለሌባውም ይሰራል። ቀጥሎ ፓስወርድ ስህተት ነው ካለህና ልክ ለመሆኑ የምትምል ከሆነ የፖስትግሬሱን ሎግ ክፈት፣ ዩዘሩ ጭራሽ ያልተፈጠረ ቢሆንም ወደ አንተ የሚመጣው መልስ ያው ነው፣ እውነተኛው ምክንያት ሎጉ ላይ ብቻ ነው የሚጻፈው። ስክራም ከፖስትግሬስ 14 ጀምሮ ነባሪ ስለሆነ ስክሪፕትህ ያረጀ ላይብረሪ ከያዘም እዚሁ ጋ ይቀራል።

ለአርካይቩ የራሱን ዩዘር ፍጠርለት፣ ሴሌክት ብቻ የሚችል፣ ማንበብ እንጂ መቀየር የማይችል፣ የዛቢክሱን ባለቤት ዩዘር እንዳትሰጠው። ፓስወርዱን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፍ፣ ለዚህ የፖስትግሬስ የፓስወርድ ፋይል አለ፣ ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ካላደረግከው ግን እንዳላየ ያልፈዋል። አርካይቩ ይሳብ ማለትህን ወድጄዋለሁ፣ እሱ ማሽን ቢሞት ዛቢክሱ አይነካም።

ኮፒ ስታደርግ ደግሞ ሂስትሪ ቴብሎቹን ብቻ ወስደህ እንዳትሄድ። እዛ ውስጥ ያለው የአይተም መለያ ቁጥር፣ ሰአት እና ዋጋ ነው፣ 48213 የትኛው ቅርንጫፍ የትኛው ራውተር እንደሆነ የሚያውቀው የሆስት (የምንከታተለው መሳሪያ) እና የአይተም ቴብሉ ነው፣ አንድ ሰው ቅርንጫፉ ተዘጋ ብሎ ሆስቱን ከዛቢክስ ካጠፋው ቁጥሩ አባት የሌለው ይሆናል። ሁለቱንም ቴብል በየሌሊቱ ከነቀኑ አብረህ ውሰድ። የተዘጋ ቅርንጫፍንም አታጥፋ፣ ዲሴብል አድርገህ ተወው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ። እኛ ቅርንጫፎቹ ላይ የዛቢክስ ፕሮክሲ (ዳታውን እዛው ሰብስቦ ለዋናው ሰርቨር የሚልክ) አስቀምጠናል፣ መስመር ሲቋረጥ ዳታውን ያጠራቅማል ተብለን ነበር፣ ግን ከሰአት በኋላ ጠፍቶ ማታ ሲመለስ ግራፉ ላይ ሰፊ ክፍተት ይቀራል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ፕሮክሲው ያጠራቅማል፣ ግን ምንም ካልተቀየረ 1 ሰአት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የኛ አገር መስመር ደግሞ ከጠፋ ለ1 ሰአት አይጠፋም። ፕሮክሲው ኮንፊግ ላይ ኦፍላይን በፈር የሚለውን ፈልጊና ከፍ አድርጊው፣ የሚጻፈው በሰአት ነው፣ እስከ 720 ድረስ ይፈቅዳል፣ እኔ ብሆን 72 እለው ነበር፣ ቅዳሜና እሁድን ያሳልፋል። 7.0 ከጫናችሁ ሌላም ነገር እዪ፣ ፕሮክሲው ዳታውን ሚሞሪ ላይ ነው ወይስ ዲስክ ላይ የሚይዘው? ሁለቱን የሚያቀላቅል ሀይብሪድ የሚባልም አለ፣ እሱ በስርአት ሲዘጋ ያለውን ዲስክ ላይ ይገለብጣል፣ መብራት ድንገት ድርግም ሲል ግን ለመገልበጥ ጊዜ የለውም። ዩፒኤሱ የደከመ ቅርንጫፍ ላይ ዲስክ አድርጊው፣ ትንሽ ቢዘገይም።

ጥያቄ፦ በአንድ መስሪያ ቤት የረጅም ጊዜ ባለሙያ ነኝ። ሪፖርታችን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ አርካይቩ ውስጥ ቀኑን ከመጀመሪያው በኛው ካላንደር ብናስቀምጠው አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሀሳብዎ ይገባኛል ግን እዛ ውስጥ ባይነኩት ይሻላል። ዛቢክስ ሰአቱን የሚያስቀምጠው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች ሰአት ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ ካላንደር የለውም፣ ለዛም ነው የማይምታታው። ወደኛ አቆጣጠር መቀየሩ ሪፖርቱ ሲወጣ ይሁን። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል በጀት ዓመቱን ለመቁረጥ አያስቸግርም፣ ልጆቹ ግን አንድ ነገር እንዳይረሱ ይንገሩልኝ፣ እኛ ከግሪንዊች 3 ሰአት እንቀድማለን፣ ስለዚህ ሐምሌ 1 በኛ ሌሊት 6 ሰአት ሲገባ ዳታቤዙ ውስጥ ገና የጁላይ 7 ምሽት 21፡00 ነው። ወር በወር ሰንጠረዥ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን የራሷን ረድፍ ይስጧት፣ ከነሐሴ ጋር ከተደመረች የነሐሴ ቀን 35 ወይም 36 ይሆንና ፐርሰንቱን ማንም አያምንልዎትም።