የልጄን ልብ ማን ቀደደው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ጡት ሲጠባ ግንባሩ በላብ ይርሳል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ኪሎም አልጨምር ብሏል። ሐኪም በማሽን አይቶ «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ፣ አብሮት የተወለደ ነው» አለን። ሽሮፕ ታዞለታል፣ ቀጠሮም አለን። አማቴ ግን ቡዳ ነው ብላ ክታብ አሠርታለታለች፤ ጠበል እንውሰደው ትላለች። ጎረቤቴ እንጥሉን አስቆርጪው ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ የ7 ወር እርጉዝ ሳለሁ ሲኖትራክ ሊገጨኝ ሲል ስለደነገጥኩ ነው ይላል። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሲኖትራኩ ልጀምር። እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። የፅንስ ልብ ግድግዳውን ሠርቶ የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ገደማ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ማርገዛችንንም በወጉ አናውቅም። በ7ኛው ወር የመጣ ድንጋጤ ያን ግድግዳ አይበሳውም። ይህቺን ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከ100 ሕፃናት 1 ገደማ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ የሁሉንም እናት ሲኖትራክ አላስደነገጣትም።

ከጻፍሽው ምልክት ስገምት ቀዳዳው በግራና በቀኝ የልብ ክፍል መካከል ነው። ግራው ጉልበተኛ ስለሆነ ደሙ ወደ ቀኝ ይሾልክና ሳንባውን ያጨናንቀዋል። ለሕፃን ጡት መጥባት ለእኛ ዳገት በሩጫ እንደ መውጣት ነው። ላቡ የዚያ ነው። ትንንሽ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይደፈናሉ፤ ትልቁ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። የእሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ አማትሽ። አለን ያንግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት በጌምድር ውስጥ አማሮች መካከል ቆይቶ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አንድ ጥሩ ልዩነት አሳይቷል። አንዳንድ የሕክምና ዕውቀት በሽታን ሰውነት ውስጥ ይፈልጋል፤ ሌላው ከውጭ፣ ማን አየው፣ ምን ነካው ብሎ። ሐኪሙ ስለ ግድግዳው ነገረሽ። አማትሽ የምትጠይቀው «ለምን የእኛ ልጅ?» ነው። ለዚህ ማሽኑ መልስ የለውም።

ይህን በደህና ጊዜ አልተማርኩትም። ነርስነት እንደጀመርኩ አንዲት እናት ክታብ ያሠረ ልጅ ይዛ መጣች። «ይሄን ጣይው!» ብዬ ጮህኩባት። ክታቡን አልጣለችም፤ በቀጠሮዋ ቀን ግን ቀረች። ዛሬም የልጁ ቀይ ሹራብ ትዝ ይለኛል። ኋላ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ስማር አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሕመምተኛን ጠይቁ ካላቸው ጥያቄዎች አንዱ ያቺን ሴት አስታወሰኝ፦ ከዚህ በሽታ ይበልጥ የምትፈሪው ምንድን ነው? አልጠየቅኳትማ!

ስለዚህ ክታቡ ይኑር፤ አንገቱን እንዳያንቀው ብቻ ላላ ይበል። ጠበልም ይሂድ፤ ብርድ እንዳይመታው ይረጭ እንጂ አይነከር። ሽሮፑ ግን ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። አማትሽ ካንገራገረች አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ማለታቸውን ንገሪያት።

እንጥል? በፍጹም! እዚህ ላይ ይሉኝታ የለኝም። በምላጩ የገባ ጀርም በደም ሄዶ እንዲህ ያለ ልብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ደም መፍሰሱም አለ።

አንድ ማንም ያላነሳው ነገር ግን አለ። ሌላ አገር ቢወለድ ኖሮ ይህን ያህል ወረፋ ላይጠብቅ ይችል ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ብዙ ልጆች ለቀዶ ጥገና ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው። ዛሬም ሰልፉ ረጅም ነው። መዘግየቱ የአንቺም የቡዳም ጥፋት አይደለም፤ ቀጠሮሽን አጥብቀሽ ያዢ።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጡት እንቢ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሂጂ። በቀጠሮሽም ቀን አማትሽን ይዘሻት ሂጂ፤ ልጁን እሷ ትዘለው። ስክሪኑን እንዲያሳያት ለሐኪሙ ንገሪው። ሽሮፑን ደግሞ በሻይ ማንኪያ አትለኪው፤ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ።