ቀይ ቅጠል ያለው ሰላጣ ማዳቀል ለጀመሩት ጠያቂ

«ቅጠሉ ይበልጥ የቀላውን ሰላጣ እየመረጥኩ ብዘራ፣ በውስጡ ያሉት ሌሎች ጠቃሚ ውህዶችም አብረው ይጨምራሉ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። በዚሁ ሥራ አምስት የመዝሪያ ወቅቶችን አሳልፌ ሦስቱ በከንቱ ስላለፉብኝ፣ የእኔ ድካም እንዳይደገምብዎ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።

1. ቅላቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ። አንቶሲያኒን ፊኒልአላኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ተነስቶ ኢንዛይሞች በቅብብሎሽ የሚሠሩት ቀለም ሲሆን፣ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ያው ጥሬ ዕቃ ወደ ፍላቮኖል (ቅላት ወደሌለው ሌላ ጠቃሚ ውህድ) ሊታጠፍም ይችላል። መንገዱን በሙሉ የሚያነቃቃው ተቆጣጣሪ ዘረመል ከበረታ ሁለቱም ሊጨምሩ ይችላሉ፤ የተለወጠው ከመታጠፊያው በኋላ ያለው ኢንዛይም ከሆነ ግን አንዱ ሲበዛ ሌላው ሊያንስ ይችላል።

2. ሁሉንም ተክል በአንድ ዓይነት ሁኔታ ያብቅሉ። እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ከመደቡ ዳር የበቀሉት ደም መስለው ስላየኋቸው ዘራቸውን ሰበሰብኩ፤ ሰላጣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ቀለሙ ቶሎ ይጸናል የሚል እምነት ነበረኝ። በተከታዩ ወቅት የበቀሉት ልጆቻቸው ከሌሎቹ በምንም አልተለዩም። ዘሩ ተቀላቅሎብኝ ይሆናል ብዬ ዳግመኛ ከዚያው ዳር መረጥኩ፤ ሦስት ወቅትም እንዲሁ አለፈ። ዳሩ ላይ ብርሃኑ የበረታ፣ ሌሊቱ የቀዘቀዘ፣ አፈሩም ፎስፈረስ ያነሰው እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ሦስቱም ዘሩ ሳይለወጥ አንቶሲያኒንን ያበዛሉ።

3. ላቦራቶሪ ሲሄዱ የሚፈልጉትን ውህድ በስሙ ይጠይቁ። እኔ ከፍዬ ያገኘሁት «ጠቅላላ ፊኖል» የሚል፣ አንቶሲያኒኑንም ፍላቮኖሉንም በአንድነት የሚደምር አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የትኛው ውህድ እንደጨመረ ስጠይቅ ሠራተኛው «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ያ ምርመራ ቫይታሚን ሲንም አብሮ እንደሚቆጥር የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አሲድ በተጨመረበት ሜታኖል ቀለሙን ራሴ አወጣለሁ፤ በብርሃን መለኪያ መሣሪያ በ530 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ካነበብኩት ምጠጣ ላይ በ657 ያነበብኩትን ሩብ እቀንሳለሁ፤ ምክንያቱም የክሎሮፊል ስብርባሪም በ530 ላይ ብርሃን ይመጥጣል። በአምስተኛው ወቅት በጥላም በፀሐይም እኩል የሚቀላ መስመር (ባሕርዩ የጸና የዘር ሐረግ) በእጄ ገብቷል፤ እኮራበታለሁም።

የእርስዎ ተክል ሰላጣ ሳይሆን ቀይ ሥር አሊያም አማራንተስ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራልዎትም፤ የእነርሱ ቅላት ታይሮሲን ከተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ የሚሠራው ቤታሌይን የተባለ ቀለም ነው።

ጣዕሙን ደግሞ ለብቻው ይመዝግቡ። የሰላጣ ምሬት የሚመጣው እንደ ላክቱሲን ካሉ፣ በሌላ መንገድ ከሚሠሩ ውህዶች ስለሆነ ቀለሙ ምንም አይነግርዎትም፤ እኔም እጅግ የቀላውን መስመሬን የጣልኩት ዘሩን ካበዛሁ በኋላ ቀምሼው ነው።