የጡት ካንሰርን ዘረመል ላጥና ወይስ ስለ እንጀራዬ ላስብ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጥ። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነሽ፤ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ሠርተሻል። እናትሽ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ የምርመራ ውጤታቸው «ኤስትሮጅን ተቀባይ ፖዘቲቭ» ይላል፤ ማለትም የዕጢው ሕዋሳት ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አላቸው። ከዚያ ወዲህ ልብሽ ወደ ዘረመል ጥናት አዘንብሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዝግበሻል። አማካሪ መምህርሽ የ100 ታማሚዎችንና የ100 ጤነኛ ሴቶችን ደም ወስደሽ በኤስትሮጅን ተቀባዩ ጂን ላይ ያለውን ልዩነት እንድትመረምሪ ሐሳብ አቅርበውልሻል። አጎትሽ ግን «እንጀራ የማይወጣው ትምህርት ነው፤ የሕብረተሰብ ጤና ብትማሪ ይሻልሻል» ይሉሻል። የማንን ልስማ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ሐሳቤን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ትምህርቱን አትተዪው፤ የጥናቱን ንድፍ ግን እንዳለ አትቀበዪው።

ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት በደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁትን አንድ መደናገር እናጥራ። «የእናቴ ዕጢ ተቀባይ ፖዘቲቭ ስለሆነ እኔም ጂኑን ወርሼው ይሆናል» ብለሻል። እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብሻል፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም ሳይቀሩ ሲያደባልቋቸው ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው በዕጢው ላይ የሚታየው ተቀባይ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት በፓቶሎጂ ክፍል ስለሠራሁ ምስሉ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ከዕጢው የተቆረጠች፣ ከወረቀት የሳሳች ቁራጭ በመስታወት ላይ ተዘርግታ ቀለም ይነካታል። በማይክሮስኮፕ ስትታይ ተቀባዩ ያለባቸው የሕዋስ ኒውክለሶች እንደ ተቆላ ቡና ቡኒ ይሆናሉ፤ የሌለባቸው ሰማያዊ ሆነው ይቀራሉ። ቡኒዎቹ ከመቶ አንድ እንኳ ከሞሉ ዕጢው ፖዘቲቭ ይባላል። ይህ የዕጢው ጠባይ ነው፤ በራሱ የቤተሰብ ውርስ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ከእናትና ከአባታችን የምንወርሰው፣ በዲኤንኤያችን ጽሑፍ ላይ ያለው የፊደል ልዩነት ነው። የኤስትሮጅን ተቀባይ አልፋን የሚሠራው ጂን፣ ኢኤስአር 1 የሚባለው፣ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ ቤታ የሚባለው ወንድሙ በአሥራ አራተኛው፣ የፕሮጄስትሮን (የሌላው የሴት ሆርሞን) ተቀባዩ ጂን ደግሞ በአሥራ አንደኛው ላይ። በእነዚህ ጂኖች ውስጥና ዙሪያ ሰው ከሰው የሚለይባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። አንዳንዶቹ የጡት ካንሰር ሥጋትን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን በጥቂቱ ብቻ። አንቺ እንደምትፈሪው ዓይነት ከባድ ውርስ የሚገኘው ይልቁንም ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ነው። ከጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል እንዲህ ዓይነት ውርስ ያላቸው ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ያህሉ ናቸው። የብራካ 1 ዕጢዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይ የሌላቸው መሆናቸውን ልብ በዪ። እናትሽ ስንት ዓመታቸው ላይ እንደታመሙ፣ በአክስቶችሽና በአያቶችሽ የጡት ወይም የእንቁላል ማኅደር ካንሰር ነበረ ወይ የሚለውን ጽፈሽ ለሐኪም አሳዪ።

ሦስተኛው ዕጢው ራሱ በሕክምና ላይ ሳለ የሚያመጣው ለውጥ ነው። የኤስትሮጅንን ምርት የሚያግድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ አንዳንድ ዕጢዎች ኢኤስአር 1ን ቀይረው ያለ ሆርሞንም እንዲሠራ ያደርጉታል። ይህ ጎልቶ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥር 2023፣ ይህ ለውጥ ላለባቸው ሕሙማን ኤላሴስትራንት የተባለ ኪኒን በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ ለውጥ ከዕጢው ወደ ልጅ አይተላለፍም።

አሁን ወደ ጥናትሽ ልምጣ። ወረቀትና እርሳስ አውጪና አብረን እናስላ። እያንዳንዷ ሴት የጂኑ ሁለት ቅጂ ስላላት በ100 ጤነኞች 200 ቅጂ አለሽ። የምትፈልጊው ልዩነት ከእነዚህ ውስጥ በ40 በመቶው፣ ማለትም በ80 ቅጂ ላይ ይገኛል እንበል። ልዩነቱ ሥጋትን በአሥር በመቶ ከፍ ያደርጋል ብንል፣ ይህም በዚህ መስክ የተለመደው ልክ ነው፣ በታማሚዎቹ በኩል የምትጠብቂው 85 ቅጂ ገደማ ነው። ልዩነቱ አምስት ነው። ነገር ግን 200 ቅጂ ስትቆጥሪ ቁጥሩ በዕድል ብቻ ሰባት ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለት ዓመት ደክመሽ፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን የሚያባዛ የላቦራቶሪ ዘዴ) ስትሠሪ አምሽተሽ፣ የምታገኚው ውጤት እውነት ይሁን አጋጣሚ መለየት አይቻልም። ጥፋቱ የአንቺም የመሣሪያውም አይደለም፤ የናሙናው ማነስ ነው።

መስኩ ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። ከ1990ዎቹ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኢኤስአር 1 የመጀመሪያው ኢንትሮን (ፕሮቲን በማይሠራ የጂኑ ክፍል) ላይ ያሉትን ሁለት ልዩነቶች፣ ፒቪዩ 2 እና ኤክስባ 1 የሚባሉትን፣ በትንንሽ ናሙና ያጠኑ ጽሑፎች ተበራከቱ። በፕሮጄስትሮን ተቀባዩ ጂን ላይም ፕሮጂንስ የሚባለው፣ 306 ፊደል የተሰነቀረበት ቅጂ በብዙ አገር ተመረመረ። አንዱ ሥጋት ይጨምራል ይላል፤ ሌላው ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ምንም የለም። እኔ የማውቃት አንዲት ጎበዝ ልጅ ከዓመታት በፊት በ90 ሴቶች ላይ ይህንኑ ሠርታ «ግንኙነት አልተገኘም» ብላ ተመረቀች። በእጇ የቀረው ችሎታ አንድ ዓይነት ፒሲአር ማንበብ ብቻ ስለነበር ሥራ ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀባት። ስለ እሷ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ይህን ስሌት አላሳያትም።

ነገሩ የጠራው ተመራማሪዎች ናሙናቸውን ሲያዋሕዱ ነው። የጡት ካንሰር ዘረመል አጥኚዎች ጥምረት በ2005 ተመሠረተ። በ2009 በሻንጋይ ሴቶች ላይ የተደረገ የጠቅላላ ጂኖም (የሙሉው የዘረመል ጽሑፍ) ጥናት ከኢኤስአር 1 ከፍ ብሎ በሚገኝ ቦታ ላይ የሥጋት ምልክት አገኘ። በ2016 ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሴቶች መረጃ ሲመረመር በዚያ አካባቢ አምስት ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ተለዩ። ምልክቶቹ የተቀባዩን ፕሮቲን ቅርጽ የሚቀይሩ ሳይሆኑ፣ ኢኤስአር 1ንና ጎረቤቶቹን ምን ያህል ይሥሩ ብለው የሚያዝዙ ማብሪያና ማጥፊያዎች ላይ ያረፉ ናቸው። ለእኔ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ብዙዎች በጂኑ ግቢ ውስጥ ሲፈልጉ ቁልፉ ከአጥሩ ውጪ ነበር።

ታዲያ ለአንቺ የቀረ ሥራ አለ? አለ፣ ብዙም አለ። የእነዚያ ጥናቶች ተሳታፊዎች በብዛት የአውሮፓ፣ በከፊልም የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ናቸው። በ313 ልዩነቶች ላይ ተመሥርቶ የተሠራው የታወቀ የሥጋት መለኪያ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ደከም ይላል። ለማነጻጸሪያ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት 2,504 ሰዎችን ከ26 ሕዝቦች ወስዷል፤ የኬንያ ሉህያዎች አሉበት፣ ኢትዮጵያውያን ግን የሉበትም። በአፍሪካ የዘረመል ልዩነቱ ብዙ፣ አብረው የሚወረሱት የፊደል ጥቅሎችም አጫጭር ስለሆኑ ሻንጋይ ላይ ምልክት የሆነ ፊደል እኛ ዘንድ ምልክት ላይሆን ይችላል። ዋናው የሥጋት ምንጭ የትኛው ፊደል እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ የሚረዳውም ይኸው አጭርነቱ ነው። ጥያቄሽ ትክክል ነው የምልሽ ለዚህ ነው፤ የሚመለሰው ግን በብዙ ሺህ ናሙና፣ ማለትም በጥምረት ነው። ወደ ጥምረት ስትገቢ ደግሞ የምትጠየቂው «ምን ትችያለሽ?» ተብለሽ ነው።

ስለዚህ ሙያሽን በአንድ ጂን ስም አትሰይሚው። በዚህ ዲግሪ ውስጥ ሁለት ነገር ያዢ። አንዱ ስታቲስቲክስና የጂኖም መረጃ ትንተና ነው። አር እና ፕሊንክ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ የ1000 ጂኖም መረጃም እንዲሁ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምረሽ የስድስተኛውን ክሮሞዞም መረጃ አውርጂ፤ በኢኤስአር 1 ዙሪያ ያሉትን ልዩነቶች በሉህያ፣ በናይጄሪያ ዮሩባና በቻይና ሰዎች መካከል አነጻጽሪ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ስህተት ስህተት እያለ ያስለቅስሻል፤ በሦስተኛው ሳምንት የጥቅሎቹን ርዝመት ልዩነት በገዛ ዓይንሽ ታዪዋለሽ። ይህን ሠርታ የምታሳይ ተማሪ ለስኮላርሺፕ ስትወዳደር ከሰርተፊኬት የበለጠ ማስረጃ ይዛለች።

ሌላው አንቺ አስቀድመሽ ደጁ ላይ የቆምሽበት፣ የናሙናና የፓቶሎጂ ሥራ ነው። ይህን ማንም እንዳያሳንስብሽ። በ2014 ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሰበሰቡ 352 ዕጢዎች ከጀርመን ባልደረቦች ጋር ተጠንተው ውጤቱ ሲታተም 65 በመቶ ያህሉ ኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ተቀባይ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ሰፍኖ ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተቀባዩን የሚዘጋው ታሞክሲፈን የተባለ ርካሽ ኪኒን ለአብዛኞቹ ሕሙማን ሊጠቅም ይችላል ማለት ነውና። ይህን ያሳየው የረቀቀ የጂን ማሽን አልነበረም፤ በአግባቡ የተቀመጠ ቲሹና በትክክል የተነበበ ቀለም ነው። ቲሹው በፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቢበዛ ሰባ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ሳይነከር የዘገየ ወይም ተረስቶ የከረመ ናሙና ተቀባይ እያለው የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ያቺ ሴት መድኃኒቷን ታጣለች። እኔ በሠራሁበት ክፍል ዓርብ ማታ ደርሶ እስከ ማክሰኞ ያልተነካ ብልቃጥ አይቻለሁ። ስሟ በእርሳስ ተጽፎበት ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አጎትሽ ስለ እንጀራ የሚያነሱት ሐሳብ ቀላል አይደለም። «የዘረመል ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በአገራችን እምብዛም አይወጣም። የሚወጣው ተመራማሪ ረዳት፣ መምህር፣ የመረጃ ተንታኝ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ፣ የክሊኒካል ሙከራ አስተባባሪ የሚል ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን፣ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችንና የአዲስ አበባ ካንሰር መዝገብን በዚህ ዓይን ተመልከቻቸው። ሁለቱን ችሎታዎች የያዘች ሴት ለእነዚህ ሁሉ ትሆናለች። ከአጎትሽ ምክርም የሚጠቅመውን ውሰጂ፤ ኤፒዲሚዮሎጂን (የበሽታ ሥርጭት ጥናትን) እንደ ምርጫ ኮርስ ተማሪው፣ ያለ እሱ ይህ ጥናት አንካሳ ነው። ልብሽ ወደ ሰው የሚያደላ ከሆነም የዘረመል ምክር አገልግሎት የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ በአሜሪካ ትምህርቱ የተጀመረው በ1969 ነው፣ በአህጉራችንም በደቡብ አፍሪካ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል።

አማካሪሽን ስታነጋግሪ በክርክር አትጀምሪ። ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢና «መምህር፣ ይህን ሠርቼ ነበር፤ ተሳስቼ እንደሆነ ቢያዩልኝ» በያቸው። ከዚያ አማራጭ አቅርቢ። ለምሳሌ የዕጢዎቹን ተቀባይ ውጤት ከናሙና አያያዝ ጋር ማጥናት ይቻላል፤ የደም ናሙናውም በትክክለኛ ፈቃድና በተሟላ የሕክምና መረጃ ተሰብስቦ ወደፊት ለጥምረት እንዲሆን ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ ያንኑ ሁለት መቶ ሴት ታገኚያቸዋለሽ፤ ድካማቸው ግን በከንቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በደብዳቤሽ መጨረሻ «እናቴ አሁን ደህና ስለሆነች ኪኒኑን ካቆመች አራት ወር ሆኗታል» ብለሻል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ኪኒኑ ግን ታሞክሲፈን ከሆነ የሚሠራው በእነዚያ ቡኒ ኒውክለሶች ላይ ነው። ተቀባይ ባለው ዕጢ አምስት ዓመት የወሰዱት ሴቶች በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው አረጋግጠዋል፤ ጥቅሙም የሚገኘው ደህና ነኝ በሚባልበት ጊዜ ሲወሰድ ነው። ያቆሙት ሙቀት ሙቀት እያላቸው ወይም መገጣጠሚያቸውን እያመማቸው ከሆነ ሐኪማቸው መላ ይፈልግላቸዋል። በዚህ ሳምንት አብረሻቸው ሂጂ፤ የምርመራ ወረቀቱንም ያዢ። የጥናት ዕቅድሽን ከቀጠሯቸው በኋላ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።