ደብረ ብርሃን–ሸዋ ሮቢት ለምትመላለሱ፦ የመኪና ውሃ ስንት፣ በምን፣ የት?

ሰላም እህታችን። የጠየቅሽው አራት ነገር ነው፦ አምስት ሆናችሁ በየሳምንቱ መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትመላለሱ መኪና ላይ ስንት ሊትር ውሃ ይበቃል፣ በምን ይያዛል፣ ፀሐይ የመታው ሃይላንድ ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ሮቢት ስትደርሱስ ጠርሙሱ ለምን ይጨማደዳል። ከላይ አንድ ወንድማችን «ባለ 20 ጀሪካን ሞልተሽ ኋላ ጣዪና እርሺው» ብሏል። ጀሪካኑ ባልከፋ፤ ክፋቱ «እርሺው» ላይ ነው። ለክፉ ቀን የተባለ ውሃ በደጉ ቀን ተጠጥቶ ያልቃል፤ ካልተጠጣ ደግሞ ከቅዳሜ ቅዳሜ ሲንገላታ ከርሞ በሚፈለግበት ቀን ዝልግልግ ይዞ ይገኛል።

ስለዚህ ውሃውን መጀመሪያ ለሁለት ክፈዪው። አንዱ የጉዞ ውሃ ነው፤ ወንበር አጠገብ ይቀመጣል፣ በጉዞው ቀን ይጠጣል፣ ማታ የተረፈው ይደፋል። ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ ከኋላ ታስሮ ይቀመጣል፣ ጭንቅ ካልመጣ አይከፈትም። ልጆቹ «ጠማኝ» ሲሉ እጅ ወደ መጠባበቂያው እንዳይሄድ የጉዞውን ውሃ አታሳንሺ።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከደጋ ወደ ቆላ ነው፤ ለሰው አንድ ሊትር ብለሽ ለጉዞ 5 ሊትር ያዢ። ለመጠባበቂያ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር የመጠጥ ውሃ ይታሰባል፤ ለአምስት ሰው 15 ሊትር። ጣርማበር ላይ ጉም ቢውል፣ ክረምት ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ መሬት ቢንሸራተት፣ ወይም ተሳቢ መኪና ጥምዝ ላይ ተበላሽቶ መንገድ ቢዘጋ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሳስበው አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ነው። ባለ 2 ሊትር 6 ጠርሙስ፣ ማለትም 12 ሊትር፣ ከጉዞው 5 ሊትር ጋር ተደምሮ 17 ይሆናል፤ ይበቃችኋል። በዚያ ላይ ለእጅ መታጠቢያና ለራዲያተር የሚሆን ባለ 5 አንድ ጀሪካን ጨምሪ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ጠቅላላው ከ22 ኪሎ አያልፍም፤ ትንሿም መኪና አትከብዳትም።

መጠባበቂያውን በአንድ ትልቅ ጀሪካን ከማድረግ በታሸጉ ጠርሙሶች መያዝ የሚሻለው ለምን መሰለሽ? ጀሪካን አንዴ ከተከፈተ በእጅ፣ በኩባያ፣ በአቧራ ይነካና ሙሉው 20 ሊትር አብሮ ይጠረጠራል። ቢያፈስም ሁሉም ይፈሳል። ከጠርሙሶቹ አንዱ ቢቀደድ ግን የሚጠፋው 2 ሊትር ብቻ ነው። ለልጅና ለአዛውንት ለማቀበልም ይቀላል። ጀሪካን በወጪ ያሸንፋል፤ ክርክሩ እሱ ከሆነ ግን ባለ 20ውን ትተሽ ባለ 5 ሦስት ያዢ።

አሁን ወደ ካንሰሩ ወሬ። የሃይላንድ ፕላስቲክ ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ያለበት ነው። ፀሐይ ሲያሞቀው ዳይኦክሲን ይወጣዋል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ዳይኦክሲን የለውም። እውነት የሆነው ሌላ ነው። ፕላስቲኩ ሲሠራ የሚገባ አንቲሞኒ የሚባል ብረት አለ፤ እሱ በሙቀትና በጊዜ ብዛት በጥቂቱ ወደ ውሃው ያልፋል። 60 ዲግሪ ላይ አሳሳቢ መጠን ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ሮቢት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በቀላሉ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ ግን ማታ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱም ደብረ ብርሃን ይመለሳል። አንድ ቀን የሞቀ ሃይላንድ ጣዕሙ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይል ይሆናል እንጂ አይመርዝሽም። ዓመት ሙሉ ዳሽቦርድ ላይ የከረመውን ግን አትጠጪ፤ እጅ ታጠቢበት።

ሰው ፕላስቲኩን ሲፈራ አፉን ይረሳል። በመኪና ውሃ ሆድ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ በአፍ የተጠጣ፣ ተከድኖ ሙቀት ላይ የዋለ ጠርሙስ ነው። ምራቅና የምግብ ፍርፋሪ ይገባዋል፤ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ለብታ ደግሞ ተህዋስ እንደ ሊጥ ይቦካል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ጠርሙስ ይኑረው፣ ስሙ በማርከር ይጻፍበት። ከ2 ሊትሩ ሲጠጣ ወደ ኩባያ ይቀዳ እንጂ አፍ አይደረግበት። አፍ የነካው ቅዳሜ ከተከፈተ ለእሁድ አይተርፍም።

በጀሪካን የምትይዢ ከሆነ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ይሆናል፤ ምግብ የነበረበት ነው። የፀረ ተባይ፣ የሞተር ዘይት፣ የናፍጣ፣ የበረኪና ጀሪካን መቶ ጊዜ ቢታጠብ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ሽታውንም ኬሚካሉንም ጠጥቶ ይይዛልና ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። በዚሁ ምክንያት ንጹሕ ጀሪካን እንኳ ነዳጅ ከያዘ ጀሪካን ጎን አይቀመጥም፤ ተከድኖም ቢሆን የቤንዚን ሽታ ይዘልቀዋል።

አጠባው፦ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደጋግመሽ ናጪው፣ ቅባቱ እስኪለቅ። ጠጠርና አሸዋ አስገብቶ መናጥ የተለመደ ነው፤ ተዪው። ውስጡን ይቧጭረዋል፣ ያ ጭረት በኋላ ለዝልግልጉ መደበቂያ ይሆናል። (በወይራ ማጠን የሚያምራችሁ አላችሁ፤ እሱ ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ነው፣ ለፕላስቲክ አይሆንም።) ሳሙናው ከጠራ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጪ፤ በጀሪካኑ ውስጥ ሁሉንም ግድግዳ፣ አፉን፣ የክዳኑን ጥርስ እንዲነካ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አገላብጪው፣ ድፊው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ክዳኑ እንዳያፈስ ፌስታል መጠቅለል ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ያ ፌስታል የሱቅ ዕቃ የተያዘበት ከሆነ ግን የጀሪካኑ ቆሻሻ በሙሉ እሱ ነው። ካልተነካ ፌስታል ቆርጠሽ አድርጊ፣ በታጠበ ቁጥር ቀይሪ። የሚሻለው ግን ጎሚኒ ያለው ክዳን ፈልጎ መግዛት ነው።

ሲሞላ ከቧንቧው በቀጥታ ይሞላ። ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚተን ያለ መከላከያ ነው ጀሪካንሽ የሚገባው። ከሮቶ ወይም ከምንጭ ከሆነ አክሚው። በረኪናው ጥንካሬው 5 በመቶ መሆኑ የተጻፈበትና የቅርብ ቀን ያለው ሲሆን፣ ለጠራ ውሃ በሊትር 2 ጠብታ ነው፤ ለባለ 5 ጀሪካን 10 ጠብታ፣ ለባለ 20 ደግሞ 40 ጠብታ፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በታች። ለደፈረሰ እጥፍ፣ ያውም አስቀድሞ በነጠላ ታጥሎ። 30 ደቂቃ ይቆያል፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ውሃ በጣም ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ስጪው፣ ክሎሪን ብርድ ላይ ሥራው ይዘገያል። ከዚያ አሽቺው፤ ጥቂት የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ድገሚና 15 ደቂቃ ጠብቂ። ምልክት የሌለውን፣ በየሰፈሩ በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠውን በረኪና ለመጠጥ አትጠቀሚ፤ ጥንካሬው አይታወቅም። በረኪና በሙቀት ስለሚደክም መኪና ውስጥም አይቀመጥ። ለመኪና የሚመቸው ፋርማሲ የሚገኘው አኳታብስ የሚባለው የውሃ ማከሚያ እንክብል ነው፤ 67 ሚሊግራም ያለው አንዱ ፍሬ ለ20 ሊትር ነው፣ ሌላ መጠን ከሆነ በማሸጊያው ላይ ያለውን ሊትር ተከተዪ። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያም እንዲሁ በመለያው እንደተጻፈው።

የማፍላት ነገር ከተነሳ፣ እኛ ያለንበት ከፍታ ይለያል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ወዲያው አይወርድም፤ 3 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ሮቢት አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

አቀማመጡ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። ሹፌሩ እግር ሥር፣ በሩ ኪስ ውስጥ ልል ሆኖ፣ ወንበር ላይ ተጥሎ ጠርሙስ አይኑር። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የተንከባለለ ሃይላንድ ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ፍሬኑ ወደ ታች አይወርድም። ከኋላ መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያም አይቀመጥ፤ መኪናው በድንገት ሲቆም 2 ኪሎው ወደ ማጅራት ነው የሚበረው። መጠባበቂያው ከኋላ ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ፣ ካርቶን ውስጥ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ፣ በአሮጌ ጋቢ ተሸፍኖ ይሁን። ጋቢው ፀሐይን ይከለክላል፤ ብርሃን ካላገኘ አረንጓዴው አይበቅልም። ክብ ጠርሙስ ፀሐይን ሰብስቦ ወንበር ሊያቃጥል እንደሚችልም አትርሺ፤ ብዙ አይደርስም፣ ግን ይደርሳል።

ያው ጋቢ ከህዳር እስከ ጥር ለአመዳዩም ይሆናል። ደጅ ያደረ መኪና ውስጥ ውሃ ሊረጋ ይችላል፤ ውሃ ሲረጋ በመቶ 9 ያህል ያብጣል። ጀሪካን እስከ አፉ አትሙዪ፤ ከ20ው 18 ሊትር ይበቃል። የረጋ ውሃ ሲቀልጥ ይጠጣል፣ ምንም አይሆንም። የመስታወት ጠርሙስ ግን ይሰነጠቃልና ለመኪና አይያዝ።

የራዲያተሩ ጀሪካን ከመጠጡ በቀለም ይለይ፤ ቀይ ስኮች ክዳኑ ላይ ጠምጥሚበት። የመጠጥ ውሃ ቢቸግር ለራዲያተር ይሆናል፣ የራዲያተር ውሃ ግን በምንም ዓይነት ለመጠጥ አይሆንም። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅ በጣዕሙ አይጠረጥረውም። ሞተር ሲግል ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ፣ ግማሽ ሰዓት ቢያንስ ይቀዝቅዝ። ከሸንኮራ ዮሐንስ የመጣ ጠበል መኪና ላይ ካለም ለብቻው ምልክት ይደረግበት፤ ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ይመሳሰላል፣ ጠበል ራዲያተር ሲገባ ባለቤቱ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።

ለመቀየሪያው ቀን ስልክ ላይ ማስታወሻ ከመሙላት ቀኑን ከሚታወቅ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል። በጀሪካን ያለው በየልደታውና በየቂርቆሱ፣ ማለትም በየ15 ቀኑ ተደፍቶ ይታጠብ፤ ሙስሊም ከሆናችሁ በየሁለት ጁምዓው በሉት። የታሸገው በወር በወሩ ወደ ቤት ገብቶ ይጠጣ፣ በምትኩ አዲስ ይግባ። እንዲህ ከሆነ ምንም ውሃ አይባክንም።

ከካርቶኑ ጥግ ሁለት ነገር ጨምሪ፦ ኩባያና ሁለት ፓኬት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ)። ጥምዝምዙ ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ከታመመ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር አድርጎ ማጠንከር ይጎዳዋል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

የጠርሙሱ መጨማደድ ሙቀት አይደለም፣ ውሃውም አልተበላሸም። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት 1,300 ገደማ፤ የታችኛው አየር ግፊት ከላይኛው በአንድ አራተኛ ያህል ይበልጣል። ላይ ጠጥታችሁ የከደናችሁት ጠርሙስ የላይኛውን ስስ አየር ይዞ ይወርድና ከውጭ ይጨመቃል። ሙሉ የሆነው ብዙም አይጨማደድም፤ ግማሹ የተጠጣው ነው የሚብሰው። ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ሮቢት የተከደነ ጀሪካን ዳገቱን ሲወጣ ይነፋና በክዳኑ በኩል ያንጠባጥባል። ደብረ ሲና ላይ ቆም ብላችሁ የተከፈተውን ጀሪካን ክዳን ላላ አድርጋችሁ «ፍስስ» ካለ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁት። የታሸጉትን ግን አትንኳቸው።